ከሐኪም በፊት ለምንጠራ ሽማግሌዎች

እኩዮቼ፣ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም የምትኖሩ፣ ፀጉራችሁ በስደት የሸበተ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ቃሌ ቢመራችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በመካከላችን የአእምሮ ሕመም ያደቀቃቸው ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። እኔ የማነሳው የእኛን ድርሻ ነው። አንድ ወጣት ከክፍሉ አልወጣ ሲል፣ አንዲት አራስ ሕፃኗን ማየት ሲያስጠላት፣ አንድ አባወራ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሲያወራ ሲያድር፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኛ ነው፤ ለንስሐ አባቱ፣ ለሼኩ፣ ለእድሩ ሰብሳቢ፣ ለክርስትና እናቱ። እኛ «ሐኪም ዘንድ ይሂድ» ካልን ይሄዳል። «ተዉት፣ ያልፍለታል» ካልን ቤት ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ቃላችን የሰው ነፍስ ያድናል ወይም ያጠፋል።

ቶሮንቶ በሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ በድባቴ ታሞ እንደሚያውቅ አሳይቷል። የጤና ባለሙያ ዘንድ የሄዱት ግን ጥቂት ነበሩ። ሰውነቱን ያመመው ሐኪም ይፈልጋል፤ አእምሮውን የታመመው ይሸሻል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስንቶቻችን ነን «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ነው» እያልን ምርመራ ለምርመራ የምንዞረው? ሐኪሙ ምንም አላገኘሁም ሲል ሐኪሙን እናማለን። እንቅልፍ ከዓይናችን ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላን፣ መኖር ከታከተን ወራት ማለፋቸውን ግን አንነግረውም።

ለምን እንደምንደብቅ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ላይ «ከአማኑኤል ያመለጠ» የሚለውን ስድብ እየሰማን ነው ያደግነው። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማንን ሲያስታምም የኖረ ሆስፒታል ስሙ መሳለቂያ ሆነ። ከዚያ ላይ «በዘራቸው አለ» ተብሎ የእህትየው ጋብቻ እንዳይፈርስ ይፈራል። «ሆድ ይፍጀው» ብለን ገመና የሸፈንን ይመስለናል፤ ሆዱን የሚፈጀው ግን ታማሚው ብቻ ነው።

በተለይ ልጆቻችንን ተመልከቱ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ነው፤ ልጁ ኮሌጅ በገባበት፣ ወላጅ ምረቃ በሚጠብቅበት ዕድሜ። ትምህርቱን ሲያቋርጥ ሰነፈ እንላለን። ሲገለል ጓደኛ አበላሸው፣ መተት ተደረገበት፣ ዓይነ ጥላ ነው እንላለን። ድምፅ ይሰማኛል ያለ ልጅ ግን ሐኪም ማየት ያለበት በዚያው ሰሞን ነው፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል።

ጸበሉን ተዉ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ቁርአን የሚቀራለትንም አልከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አሳስበዋል። ያ ለቫይረሱ የተፈቀደው ለአእምሮ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። የማስጠነቅቃችሁ «ክኒኑን ጣል፣ እምነትህ ይበቃሃል» ከሚለው ምክር ነው። የድባቴ መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ይፈጃል፤ በአምስተኛው ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ መጣል አይገባም። ተሻለኝ ብሎ በአንድ ጊዜ ማቋረጥም ሕመሙን መልሶ ይጠራል። ሊቲየም የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውኃ ሳይቀምስ እየጾመ ቢውል፣ ወይም ጸበል ጠጥቶ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጾም ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ይህን ሳይጠይቅ ጾም የሚያዝ ሽማግሌ በማያውቀው ነገር እየፈረደ ነው።

ሌላው አደጋ «አገር ቤት ይላክ» የምንለው ነው። አገር ቤት ፍቅርም ዘመድም አለ፤ ጥሩ ሐኪምም አለ። ነገር ግን ልጁ የጀመረውን መድኃኒት ሳይዝ፣ የሚቀበለው ሐኪም ሳይታወቅ፣ በሰንሰለት ወደሚታሰርበት ቦታ ከተላከ ገፋነው እንጂ ረዳነው አይባልም። ግሪን ካርድ ይዞ ያለ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው የመመለስ መብቱን ሊያጣ እንደሚችልም አትርሱ። ከኢንሹራንሱም ከሐኪሙም የተለየ ታማሚ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል።

ቋንቋ አልችልም ብላችሁ የአሥር ዓመት ልጅ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ አትግቡ። «እናትሽ ራሷን ማጥፋት አስባ ታውቃለች?» የሚለውን ጥያቄ ሕፃን እንድታስተረጉም ማድረግ ግፍ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምም የተከለከለ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚገለገሉበት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚው የሠፈር ሰው ይሆንብኛል ብሎ የሚፈራ በስልክ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ልጁ 18 ዓመት ከሞላው ሐኪሙ ያለ ፈቃዱ ምስጢሩን አይነግራችሁም። ሕጉ ነውና አትቆጡ። እናንተ ያያችሁትን ለሐኪሙ እንዳትነግሩት ግን የሚከለክል የለም። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ምን እንደተናገረ ጽፋችሁ ስጡት።

ስለ ሌሎች ብቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ። በቀይ ሽብር ዘመን ወንድሙን በደጁ ወድቆ ያየ፣ በእግሩ ሱዳን የገባ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በፓርኪንግና በታክሲ የጨረሰ ሰው በዚህ ጉባኤ ሞልቷል። ሥራ ሲቆም፣ ልጆች ሲወጡ፣ ቤቱ ጭር ሲል ያ ዘመን በቅዠት ይመለሳል። በር ሲንኳኳ የምንደነግጠው፣ በትንሽ ነገር ቱግ የምንለው እርጅና ስለተጫነን ብቻ አይደለም። የሚታከም ሕመም ነው። ሽማግሌ «ታክሜያለሁ» ብሎ በአደባባይ ቢናገር ወጣቱ አፍረቱን ይጥላል።

ከሁሉ የከፋውን ሳልናገር አላልፍም። «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ብሞት ይሻላል» ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ተዝካሩን እንደሚያወራ ሽማግሌ አትሳቁበት። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ብቻውን አትተዉት፤ መሣሪያና የተከማቸ መድኃኒት ከቤቱ አውጡ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 የሚባል የስልክ መስመር ቀን ከሌሊት ክፍት ነው፤ አስተርጓሚ ይጠየቅበታል። አደጋው ከደረሰ 911 ደውሉ፣ የአእምሮ ሕመም መሆኑንም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት ስንት ሺህ ዶላር እንደምናዋጣ ታውቃላችሁ። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ለሕክምናው መቶ ዶላር የጠየቀለት አልነበረም። እድራችን ከቀብር በፊትም ይሥራ፤ የሐኪም ክፍያ ላነሰው ይሙላ፣ ታማሚውን በየሳምንቱ የሚያደርስ ሰው ይመድብ።

እንግዲህ ወደ አንድ ቤት ስትጠሩ ከጸሎት ቀጥሎ ይህን ጠይቁ፤ ሐኪም አይቶታል ወይ? መድኃኒት አቋርጧል ወይ? ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለው ወይ? መልሱን ከሰማችሁ በኋላም ቀጠሮው ሳይያዝ፣ የሚወስደው ሰው ሳይታወቅ አትነሡ። የሰማችሁትንም ለማንም አታውሩ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሽማግሌ ቢጠራም አይሂድ።