ያገለገለ ጊታር ስትገዙ

ልጃችሁ «ኤሌክትሪክ ጊታር ግዙልኝ» ካለች ሰንብታለች እንበል። አዲሱ ከቤት በጀት በላይ ስለሆነ ያገለገለ ማፈላለግ ጀምራችኋል። ጌዶ ለምትኖሩ ፍለጋው ጉደርንና አምቦን አልፎ አዲስ አበባ ሊያደርሳችሁ ይችላል። ያን ያህል ተጉዛችሁ ያመጣችሁትን መመለስ አይቀልም። ከገንዘቡ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ሌላ ነው፤ ክሩ ከፍ ብሎ ጣቷን ሲያቆስላት ልጅቷ «ተሰጥኦ የለኝም» ብላ ትተወዋለች። ጥፋቱ ግን የጊታሩ ነው።

ለቤት ከሚመቹት አንዱ «ሰሚ ሆሎው» የሚባለው፣ ሆዱ በከፊል ባዶ የሆነው ጊታር ነው። ስመ ጥሩ ጊብሰን ኢኤስ-335 እ.ኤ.አ. በ1958 ገበያ ላይ ዋለ፤ በርካታ ርካሽ ጊታሮችም ቅርጹን ተከትለው ተሠርተዋል። ሁለቱ ጎኖቹ እንደ ክራር ገበቴ ባዶ ናቸው፤ መሐሉን ግን ድፍን እንጨት ያልፍበታል። ባዶው ክፍል ድምፁን ለስለስና ሞቅ ያደርገዋል። ድፍኑ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ሲጮህ የሚመጣውን ፉጨት ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋም ሳይሰካ ለሚጫወተው ሰው የሚበቃ ድምፅ አለው፤ ጎረቤት አይረብሽም። ትዝታን በዝግታ ለምትለማመድ ልጅ ይስማማታል።

መጀመሪያ ሳይሰካ። ሻጩ አምፕሊፋየሩን ከመክፈቱ በፊት እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ ምቱት። የሚንጣጣ ወይም የሚታፈን ድምፅ ካለ አንገቱ ጎብጦ ወይም ፍሬቱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነካ አድርጋችሁ ምቱ፤ ከዚያ ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ድምፆች መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ክር በመቀየርና ብሪጁን በማስተካከል የሚቃና ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ጠይቁ። በፊቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች የስልክ መብራት አብርታችሁም ስንጥቅ ፈልጉ።

ከዚያ ተሰክቶ። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ማብሪያውን ቀያይሩ፣ ገመዱን ነካ ነካ አድርጉ። ሲንኮሻኮሽ ወይም ሲቆራረጥ «ትንሽ ነገር ናት» ቢሏችሁ አትቀበሉ። የብዙዎቹ ሰሚ ሆሎው ጊታሮች ጀርባ ክዳን የለውም፤ ሽቦው የሚወጣውና የሚገባው በእነዚያ ጠባብ ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ጥገናው ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል። ዋጋ የምታስቀንሱበትም እዚህ ላይ ነው።

ልጅቷ ትሞክረው። የኢኤስ-335 ዓይነት ጊታር ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተቀምጣ ታቅፋው ቀኝ ክንዷ ተንጠልጥሎ ትከሻዋ ከተነሳ አነስ ያለ ይሻላታል። 1ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በቀላሉ መጫን ከቻለች ግማሹ ጭንቀት ቀለለ።

ከገንዘቡ ላይ ለአዲስ ክርና ለማስተካከያ አስቀሩ፤ ለጀማሪ ጣት 9 ቁጥር ክር ይለሰልሳል። ጉዞው ላይ ጊታሩን ከመኪና ጣሪያ ይልቅ በሣጥኑ አድርጋችሁ አጠገባችሁ ያዙት። ቤት ስትደርሱም ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት። በጋው አልፎ ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ስቦ አንገቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ያኔ እንደገና አስፈትሹት።

ምሽት ላይ በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች የተጫወተውን የሰላም ሥዩምን ጊታር አሰሟት። ዘፋኙ ሲያርፍ ጊታሩ ምን ብሎ እንደሚመልስ ጠይቋት።