በሚሄድ ጋሪ ላይ ሚዛን አይሰቀልም





አንድ ቀን በሁሩታ ገበያ ነጋዴና ገበሬ ሲከራከሩ ቆሜ ሰማሁ። ነጋዴው ቸኩሎ ኖሮ፥ ፈረሱ ሳይፈታ ስንዴውን ጋሪው ላይ እንዳለ ካልመዘንኩ ይላል። አንድ ሽማግሌ ግን «ልጄ፥ ሚዛንህስ ደግ ነው፤ ነገር ግን በሚነቃነቅ ጋሪ ላይ ተሰቅሎ ማን ያምነዋል?» ብለው ክርክሩን ቆረጡት።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ የምድርን ማግኔት ከአየር ላይ ስለሚለኩ መሣሪያዎች ሳነብ ነው። ከነዚህ ሁሉ ረቂቅ የሆነው «ስኩዊድ» የተባለው ሲሆን፥ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በፎርድ ኩባንያ ላቦራቶሪ የተፈለሰፈ ነው። በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፥ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከምድር ማግኔት የቢሊዮን እጅ ያነሰውን እንኳ ይሰማል።

ታዲያ በአውሮፕላን ሲጫንስ? በአገራችን የምድር ማግኔት ኃይል ወደ 36 ሺህ ናኖቴስላ ገደማ ነው። መሣሪያው አንዲት ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ከ600 ናኖቴስላ የሚበልጥ ሐሰተኛ ለውጥ ሊጽፍ ይችላል። የሚፈለገው የድንጋይ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህም ሁለት ጠምዛዛ ሽቦዎችን በተቃራኒ አገናኝቶ የጋራውን ኃይል ማጣፋትና ልዩነቱን ብቻ መለካት፥ የመሣሪያውንም ዝንባሌ በየቅጽበቱ መመዝገብ ግድ ሆነ። በጀርመን አገር የየና ከተማ ሊቃውንት ይህን ዘዴ ሠርተው፥ ከሄሊኮፕተር በታች በገመድ እየጎተቱ በደቡብ አፍሪካ ፈትነውታል።

ይህ ለኛ ምናችን ነው የሚል ቢኖር፥ ከሁሩታ ብዙም በማይርቀው በኢተያ አካባቢ ያለውን ቱሉ ሞዬን ይመልከት። በዚያ ለእንፋሎት ኃይል ጉድጓድ መቆፈር የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከምድር ሆድ የሚወጣ ፍል ውሃ የድንጋዩን ማግኔት ስለሚያደክመው፥ የማግኔት ልኬት ከመሪዎቹ አንዱ ነው። ደግሞም አገራችን በማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሆነች፥ ቀን ቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚፈሰው ታላቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ልኬቱን በየሰዓቱ ያናውጠዋል። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ መቋቋሙም ያለ ምክንያት አልነበረም። በምድር ላይ የቆመ መቆጣጠሪያ ከሌለ፥ የቀትሩን ጅረት የድንጋይ ምልክት ነው ብለን እንቆፍር ይሆናል።

በርግጥ ውድ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ሙያ አይደለም። ለብዙ ሥራ ዝንባሌ እምብዛም የማያስቸግረው የሲዚየም መለኪያ ይበቃል።

ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የምናዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኞች ሻጩን እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ መሣሪያህ በላቦራቶሪ ሳይሆን እየበረረ ምን ያህል ይሰማል? ሂሊየሙን ማን ያቀርባል? የምድር መቆጣጠሪያው የት ይቆማል? ያልታረመውስ መዝገብ ለአገራችን ይቀራልን? ለዚህ መልስ የሌለው ሻጭ ሚዛኑን በጋሪ ላይ የሰቀለ ነውና ፈረሱን ይፍታ እላለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሁሩታ (አርሲ)