ፎቶግራፉ የዕቃው ነውን?

በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትገዛ ባለሙያ ሴት በኮባ የተጠቀለለውን ሳታስፈታ፣ ሳታሸትና መሐሉን ሳታይ እንደማትከፍል የታወቀ ነው። ላዩ ያማረ ቅቤ ውስጡ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለችና። ይህችው ጠንቃቃ ሴት ግን ያገለገለ ማቀዝቀዣ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ በቴሌግራም ሲቀርብላት፣ ፎቶግራፉን ብቻ አይታ ቀብድ የምትልክበት ጊዜ አለ። የዛሬው ርዕሳችን ይኸው ነው።

ያገለገለ ዕቃ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ መግዛት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የአዲሱ ዋጋ ለከበደው ቤተሰብ እፎይታ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሻጩ በእጁ ያለውን ዕቃ ፎቶ በማንሳት ፈንታ፣ ፋብሪካው አዲሱን ዕቃ ለማስተዋወቅ ያነሳውን ሥዕል ወስዶ ሲለጥፍ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ያብረቀርቃል፤ የሚሸጠው ግን የበሩ ጎማ የላላ፣ ሞተሩ የተነካካ ሊሆን ይችላል። ሻጩ የግድ አታላይ ላይሆን ይችላል፤ ፎቶ ማንሳት ሰንፎም ይሆናል። ለገዢዋ ግን ኪሳራው ያው ነው።

ሻጩ አዲስ አበባ፣ ገዢዋ ሶዶ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዕቃው ደርሶ ሲፈታ ገንዘቡ ቀድሞ በቴሌብር ሄዷል፤ ዕቃውን ለመመለስም ሌላ የማስጫኛ ወጪ አለ። ያ ገንዘብ ከደመወዝ ተቆንጥሮ የተጠራቀመ እቁብ፣ ወይም ለጊፋታ ቅቤ የተቀመጠ ከሆነ የቤቱ በዓል ተነካ ማለት ነው።

ችግሩ በሌላም አገር የታወቀ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ፣ ከመጻሕፍትና ከመሳሰሉት በቀር፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የዚያኑ ዕቃ ፎቶ እንዲያቀርብ ደንብ አውጥቷል። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴዎች ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ እንዳያስነግሩ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ስሙና አድራሻው ያልታወቀን ሻጭ መክሰስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጥንቃቄው ከክፍያ በፊት መሆን አለበት።

በመሆኑም የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ፎቶግራፉን መርምሩ። ጀርባው ነጭ፣ ግድግዳም ወለልም የማይታይበት፣ ያገለገለ ተብሎ አንድ ጭረት የሌለው ከሆነ ጠርጥሩ። ስፒናው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ካለው ዕቃው እንደ አሜሪካ ላሉ አገሮች የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእነርሱ መብራት 120፣ የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ፣ ወይ ሥዕሉ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ወይ ዕቃው ለእኛ ቤት የማይሆን ሊሆን ይችላል። ሥዕሉን በጉግል ሌንስ ብትፈልጉት ደግሞ በሌላ ገጽ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ፎቶ ጠይቁ። የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ዕቃው ላይ ተደርጎ ይነሳ። ተሰክቶ ሲሠራም በቪዲዮ ይታይ። «ሌላ ገዢ ቆሟል፣ ቶሎ ላኪ» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ለዚያ ለሌላው ገዢ ተዉለት።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ ሳያስሞክር ቀብድ አትላኩ። ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንና የክፍያውን ደረሰኝም አታጥፉ፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ ይኸው ነው።

እናንተም በተራችሁ የልጆቻችሁን አልጋ ወይም የስፌት መኪናችሁን ስትሸጡ የራሱን ፎቶ አንሱ፤ ጭረቱንም አሳዩ። ጉድለቱን አውቆ የገዛ ሰው በዋጋው ይከራከር ይሆናል እንጂ ተታለልኩ ብሎ ደጃችሁን አያንኳኳም። ሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኛለን።