አዳማ አበል የሌለው ስብሰባ ያስፈልጋታል

አዳማ (ናዝሬት ለምትሉም ያው ናት) የስብሰባ ከተማ ናት። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ከሰኞ ጀምሮ ናዝሬት ነኝ» ካለ ቀሪውን መናገር አይጠበቅበትም፤ ሆቴል፣ አዳራሽ፣ የሻይ ዕረፍት፣ የጋራ ፎቶ፣ በመጨረሻም አበል። ዓርብ ከሰዓት ፊርማ ያልቃል፤ መኪናው የፍጥነት መንገዱን ይይዛል። ከተማዋም ምን እንደተመከረባት ሳትሰማ ሰኞ ሌላ ተሰብሳቢ ትቀበላለች።

ይህን ያነሳነው በሆቴሎቻችን ለመቀለድ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንጀራውን የሚበላው ከእነሱ ነው። ያነሳነው በመካከላችን ደጋግሞ የሚነሳ ሐሳብ ስላለ ነው፤ ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚሆን የአጭር ፊልም ፌስቲቫል። ሐሳቡን ከልብ እንደግፋለን። የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፌስቲቫሉም እንደ ስብሰባው እንዳይሆን። ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ተሸላልሞ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ እንዳይሆን።

ለመሆኑ ፌስቲቫል የሚያድገው በምንድን ነው? በእንግዳ ብዛት፣ በሽልማት መጠንና በስፖንሰር አርማ የሚመስለው ብዙ ነው። እኛ ግን ፌስቲቫል የሚያድገው ዘንድሮ የመጣው የሰፈር ልጅ ለከርሞ ጓደኛውን ይዞ ሲመጣ ነው እንላለን። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሸገር ላይ የቀረው ፌስቲቫል

አገራችን ፌስቲቫል አታውቅም አንልም። የአዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀመረ። በ2010 «ኢሜጅስ ዛት ማተር» የተባለ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ተካሄደ። በ2012 ደግሞ «ከለርስ ኦፍ ዘ ናይል» መጣ። አዘጋጆቹ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ከሆሊውድና ከቦሊውድ ሌላ ፊልም መኖሩን ብዙ ወጣት ያየው በእንዲህ ዓይነት መድረክ ነው። ግን ሦስቱም መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነበር። ፌስቲቫል በመጣ ቁጥር የመቂና የባቱ ወጣት ዜናውን በሬዲዮ ይሰማል እንጂ ፊልሙን አያይም።

የአጭር ፊልሞቻችንን መንገድ እስኪ እንመልከት። የሕይወት አድማሱ ጌታነህ አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኒስ ታየ። ሐረርና ጅቦቿን የሚያሳየው የጄሲካ በሽር «ሃይራት» በ2017 ሰንዳንስ ደረሰ። የቤዛ ኃይሉ «አልዓዛር» በ2024 ካን ላይ በተቺዎች ሳምንት ቀረበ። ደስ ይላል፤ እንኮራለንም። ግን ከእነዚህ አንዱን መቂ ወይም አርሲ ነገሌ አዳራሽ ገብቶ ያየ ካለ እጁን ያውጣ። ለኢትዮጵያ አጭር ፊልም ከመቂ ይልቅ ካን ቀርቧል ማለት ነው።

የጎማ ከተማ፣ የከሰል ከተማ

ክሌርሞን ፌራን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ አለች። ፓሪስ አይደለችም፤ እንደ ካን ባሕር ዳርቻም የላትም። የምትታወቀው በሚሽሊን ጎማ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የዩኒቨርሲቲው የፊልም ክበብ ተማሪዎች የአጭር ፊልም ሳምንት አዘጋጁ። በ1982 ውድድር ጨመሩበት። ዓለም አቀፍ ውድድር የጀመሩት በ1988 ነው፤ ከተነሱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። (እኛ አገር ፌስቲቫል ገና ሳይወለድ «ዓለም አቀፍ» የሚል ስም ይወጣለታል።) ዛሬ በዓለም ትልቁ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ይኸው ነው። በዚያ ብርድ በየዓመቱ ከ150 ሺህ በላይ መግቢያ ይቆረጣል፤ ከከተማዋ ነዋሪ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። የተማሪዎቹ ሳምንት እዚህ የደረሰው የከተማው ሰው የራሴ ነው ስላለው ነው።

ሌላዋ የጀርመኗ ኦበርሃውዘን ናት፤ የከሰልና የብረት ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1954 የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ጀመረች። በኋላም «ወደ ጎረቤት የሚወስድ መንገድ» የሚል መሪ ቃል ያዘች። በ1962 26 ወጣት ፊልም ሠሪዎች «አሮጌው ፊልም በቃን» የሚል መንፈስ ያለው መግለጫ አውጥተው የጀርመንን ሲኒማ አቅጣጫ ያስቀየሩት በርሊን ላይ አይደለም፤ እዚችው የከሰል ከተማ ላይ ነው።

ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው የሚል ካለ፣ ወደ ሩዋንዳ እንሻገር። ኤሪክ ካቤራ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው ፌስቲቫል በአየር የሚነፋ ስክሪን በመኪና እየተጫነ ወደ ኮረብታማ መንደሮች ይወሰድ ነበር። ሕዝቡም በራሱ ቋንቋ በኪንያርዋንዳ የተሠራ ፊልም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። አዳራሽ የለም ብለው አልተቀመጡም።

እኛስ ምን አለን?

ታሪክ አለን። ስምጥ ሸለቆ ግን በፊልሞቻችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትታየው በሁለት መልክ ነው፤ ሶደሬ ለጫጉላ፣ ላንጋኖ ለመዝናናት። ፍቅረኞቹ መኪናቸውን አቁመው ይዋኛሉ፤ አስተናጋጁ ትዕዛዝ ተቀብሎ ከስክሪኑ ይጠፋል። ያ አስተናጋጅ እኮ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው! ወዴት ሄደ?

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የወንጂ ልጅ ጥርሱ ቢበልዝ የንጽሕና ጉዳይ አይደለም፤ የጠጣው ውኃ ነው። አፏን በእጇ ሸፍና የምትስቅ ልጅ ያላወቀ የአካባቢያችን ሰው የለም። በፊልሞቻችን ግን ጥርሱ የበለዘ አፍቃሪ አይተን አናውቅም፤ ቢመጣም ለማሳቂያ ነው። የአሥር ደቂቃ ፊልም ሊሠራው የሚችለው ሥራ ይህ ነው፤ ያቺን ልጅ እጇን ከአፏ እንድታወርድ ማድረግ።

ሌላም አለ። አቢያታ ሐይቅ ዓመት በዓመት እየሸሸ ነው። መተሐራ ያለው በሰቃ ደግሞ በተቃራኒው እየሰፋ መንገድና ሐዲድ ያሰጋ ሐይቅ ነው። በባቱ የአበባ እርሻ የሚውሉ ሴቶች አሉ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች አሉ፤ ዋጋው በአንድ ሳምንት ሲወርድ የሚያለቅስ የመቂ ሽንኩርት አምራች አለ። ከአዋሽ ማዶ አርሲ ውስጥ በተፈጸመ ጠለፋ ላይ የተሠራው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የጎረቤታችን ታሪክ ለዓለም የሚበቃ ከሆነ ለራሳችንም ይበቃል።

ቋንቋም አለን፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት። በዚህ ጉዳይ ሰው አፍ ላይ ብዙ ንትርክ አለ፤ እኛ ግን ነገሩ ቀላል ይመስለናል። የአፋን ኦሮሞው ፊልም በአማርኛ፣ የአማርኛው በአፋን ኦሮሞ ሰብታይትል ይሠራለት፤ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ምሽት ይታዩ። የሚሼል ፓፓታኪስ የ1966 ዓ.ም. ፊልም «ጉማ» ስሙን ያገኘው ከኦሮሞ የደም ካሳና ዕርቅ ሥርዓት ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ትልቁ የፊልም ሽልማታችንም ይህንኑ ስም ይዟል። አንድ ቃል ሁለቱን ቋንቋ ተሻግሮ ከኖረ ተመልካቹም ይሻገራል።

አዳራሽስ? አዳማ ትልቅ የአባ ገዳ አዳራሽ አላት፤ የሆቴል አዳራሽ ደግሞ የትየለሌ ነው። ከሁሉ የምናምነው ግን በዲኤስቲቪ ቤት ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ አግዳሚ ወንበር፣ ትልቅ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ያለው፣ ሰውም መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሲኒማ ቤት እሱ ነው። ግጥሚያ የሌለበትን ቀን መርጦ መከራየት ብቻ ነው።

«በዩቲዩብና በቲክቶክ ዘመን ማን ይመጣል?» ትሉናላችሁ። ኳሱም እኮ በስልክ ይታያል! ሰው ግን ከፍሎ፣ ተጨናንቆ፣ በላብ ተጠምቆ ዲኤስቲቪ ቤት የሚያየው ጎል ሲገባ ከማያውቀው ሰው ጋር መተቃቀፍ ስለሚፈልግ ነው። ፊልምም እንደዚያው ነው። ለብቻ የሚሳቅና ከመቶ ሰው ጋር የሚሳቅ ሳቅ አንድ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ይሁን

አንደኛ፣ ስሙ «ዓለም አቀፍ» አይሁን። የአዳማና የአካባቢዋ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ፊልሞቹ ከአዳማ በኋላ ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ይሂዱ። ማሳያው በቀን ይሁን፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ሳይመሽባት ቤቷ መግባት አለባት።

ሦስተኛ፣ መግቢያው በነፃ አይሁን። ከአንድ ቡና ዋጋ አይብለጥ፤ ግን ይከፈል። በነፃ የገባ ተመልካች ፊልሙ ባይጥመው ዝም ብሎ ይወጣል፤ የከፈለ ግን ይናገራል። እኛ የምንፈልገው የሚናገረውን ነው።

አራተኛ፣ ዋናው ሽልማት በተመልካች ድምፅ ይሰጥ። የሚሸለመውም ዋንጫ ሳይሆን ለሚቀጥለው ፊልም ካሜራና የድምፅ መሣሪያ ይሁን።

አምስተኛ፣ ከስብሰባ የሚያተርፉ ሆቴሎች በዓመት አንድ ቅዳሜ አዳራሻቸውን ይስጡ። ይህን ያህል ብንጠይቃቸው ነውር የለውም።

ለአዘጋጁም፣ ለዳኛውም፣ ለእንግዳውም አበል አይኑር። መጀመሪያው ዓመት ላይ ሃምሳ ሰው ቢመጣ ትንሽ ነው ብለን አናፍርም። ጥያቄያችን በሁለተኛው ዓመት ስንቱ ተመለሰ የሚል ይሆናል። በየዓመቱ መቁጠር ያለብን ያንን ነው።