አንቺም «ቤጂንግ» ሆንሽ?

አንዲት የ24 ዓመት ልጅ ቸግሯት ያዋየችኝን ላጫውታችሁ። ቀለበት አስራለች። እጮኛዋ ግን «ስንጋባ ደመወዝሽን ለእኔ ታስረክቢያለሽ፤ የቤቱ አዛዥ እኔ ነኝ» ይላታል። «አብረን ብንይዘውስ?» ስትለው «አንቺም ቤጂንግ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀባት። ስድብ መስሏት ዝም አለች።

እህቴ፣ ስድብ አይደለም! ቤጂንግ 4ኛው የዓለም ሴቶች ጉባኤ የተካሄደባት ከተማ ናት። ጉባኤው ነሐሴ 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ መስከረም 4 ቀን 1988 አበቃ። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እነሱ ክርክር ላይ ነበሩ ማለት ነው! የ189 መንግሥታት ተወካዮች ተገኝተዋል። ከከተማው ራቅ ባለችው ሁዋይሩ ደግሞ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ተሟጋቾች በዝናብና በጭቃ መሀል የራሳቸውን መድረክ አካሂደዋል። ታዲያ የተመከረው ባል ስለ መናቅ አይደለም። ድህነት፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ድብደባ... በጠቅላላው 12 ጉዳዮች ናቸው።

ልጁ የሚመካበት አዛዥነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት ያስተዳድራሉ ይላል። በትዳር ውስጥ ለፍታችሁ የምታገኙትም የጋራችሁ ነው፤ የአንቺም፣ የእሱም።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል! ድንኳን ሳይተከል ቁጭ በሉና ገቢና ወጪያችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ። በጄ ካለ እሰየው። አሻፈረኝ ካለ ግን ሠርጉ ይቆይ። ቀለበት መመለስ ከፍቺ ይሻላል።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።