የፋይናንስ ዲግሪ ከባንክ መስኮት ባሻገር፦ ተፍኪ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንደ ማሳያ

መግቢያ

በፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ወጣት የት ይቀጠራል ተብሎ ሲጠየቅ በኢትዮጵያ የተለመደው መልስ አንድ ነው፤ ባንክ። መልሱ ታሪካዊ መነሻ አለው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ከተዛወሩ በኋላ ሙያው የሚሠራባቸው ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ቆዩ። የባንክ ሥራ ፈቃድና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 84/1986 ለግል ባንኮች በር ሲከፍት ቅርንጫፎች በየከተማው ተስፋፉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በአካውንቲንግና ፋይናንስ እንዲሁም በባንኪንግና ፋይናንስ የሚያስመርቋቸውን ተማሪዎች ቁጥር አሳደጉ። በዚህ ሂደት ዲግሪው የሚለካው በሚሰጠው ችሎታ ሳይሆን በመጀመሪያው የሥራ መደብ፣ ማለትም በገንዘብ ተቀባይና ከፋይነት ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የተለየ ነው። የፋይናንስ ትምህርት ዋና ችሎታ ዛሬ የሚገኝን ገንዘብ ነገ ከሚገኝ ገንዘብ ጋር ማመዛዘን፣ አደጋን መመዘንና ውሳኔን በቁጥር ማስደገፍ ነው። ይህ ችሎታ እጅግ የሚፈለግበት ቦታ ደግሞ የባንክ አዳራሽ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞችና በአጎራባቻቸው ተፍኪ በየዕለቱ የሚወሰኑት የገንዘብ ውሳኔዎች ባለሙያ የሚሹ፣ ግን ባለሙያ ያልተመደበላቸው ናቸው።

የካሳ ስሌትና የተነሺው አርሶ አደር

ተፍኪ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሰበታ ቀጥላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት የመረሬ አፈር ሜዳ ነው። በአዲስ አበባ ቅርብ ዙሪያ ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ፋብሪካው፣ መጋዘኑና መኖሪያ ቤቱ ወደ እርሻ መሬት ሲገፋ ከቆየ ሰንብቷል፤ ግፊቱም ከሰበታ አልፎ በመንገዱ ተከትሎ ይጓዛል።

መሬቱን የሚለቅ አርሶ አደር ካሳ ያገኛል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የመፈናቀያ ካሳው ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። ይህንን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በዘላቂነት ለሚፈናቀል ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ መነሻ አድርጎ አሥራ አምስት እጥፍ እንዲከፈል ደነገገ። ሕግ ዐዋቂ በዚህ ድንጋጌ ውስጥ የመብት መሻሻልን ያያል፤ ትክክልም ነው። የፋይናንስ ምሩቅ ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርበታል፦ አሥራ አምስት እጥፍ በምን የወለድ ምጣኔ የተሰላ ዋጋ ነው?

ለማሳያ ያህል ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢው 100 ሺህ ብር የነበረ አባወራ ይወሰድ። ካሳው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ፣ በ7 ከመቶ ቢቀመጥ፣ ግብር ሳይታሰብ በዓመት 105 ሺህ ብር ያስገኛል። በመጀመሪያው ዓመት አባወራው ምንም ያልጎደለበት ይመስላል። ነገር ግን ዋጋ በየዓመቱ 20 ከመቶ ቢጨምር ያው 105 ሺህ ብር ከአራት ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 51 ሺህ ብር ገደማ የሚገዛውን ብቻ ነው። መሬቱ በእጁ ቢቆይ ኖሮ የጤፉ ዋጋም አብሮ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ካሳው የመሬቱን ገቢ በዘላቂነት እንዲተካ ከተፈለገ ገንዘቡ ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 6.7 ከመቶ ገደማ የሚያስገኝ ሥራ ላይ መዋል አለበት። የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ በደረሰበት በ2014 ዓ.ም. ይህን የሚያስገኝ የባንክ ሒሳብ አልነበረም።

ስሌቱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በመማሪያ ክፍል የሚሠራው ነው። ችግሩ የሚያውቀው ሰው ካሳው በሚከፈልበት ጠረጴዛ ዙሪያ አለመኖሩ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ገማቹ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያውና የሒሳብ ሠራተኛው ይቀመጣሉ፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ቤተሰብ በምን መልክ ቢያስቀምጠው እንደሚበጀው የሚያማክር የለም። ተነሺው የቤት ኪራይ፣ የወተት ላም፣ የወፍጮ ወይም የአክሲዮን አማራጮችን አነጻጽሮ ሳይመረምር ገንዘቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያልቅ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በእርሱ አባካኝነት ላይ ይላከካል። የምክር አገልግሎት ባልተሰጠበት ሁኔታ ይህ ፍርድ ሚዛናዊ አይደለም።

ዲግሪው የሚያገለግልባቸው ሌሎች መስኮች

ካሳ አንዱ መስክ ብቻ ነው። በሱሉልታ የወተት ላም አርቢው ገቢ ከጾም ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ፈላጊ ሲቀንስ ላሟ ግን መኖ መብላቷን አታቋርጥም። ለዚህ አርቢ የሚሰጥ ብድር በየወሩ እኩል ክፍያ እንዲመለስ ተደርጎ ከተዋቀረ አርቢው በጾም ወቅት ላም ሸጦ ዕዳ ይከፍላል። የገንዘብ ፍሰትን ከዘመን አቆጣጠርና ከልማድ ጋር አዛምዶ የመክፈያ ሰሌዳ የሚያወጣ ባለሙያ የተበዳሪውንም የአበዳሪውንም ሀብት ያድናል።

የሰበታ ፋብሪካዎች ጥያቄ ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያስገባ መካከለኛ ፋብሪካ ሒሳብ መዝጋት የሚችል ሠራተኛ ቢኖረውም የምንዛሪ ለውጥ በዋጋው፣ በዕዳውና በክምችቱ ላይ የሚያደርሰውን ጫና አስቀድሞ የሚተነብይ ከሌለው ውሳኔው ሁሉ ከጉዳት በኋላ ይሆናል።

የብድር ትንተናም እንዲሁ ነው። በዓለም ገና የተተከለው አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብድሩ ሳይከፈል ቀርቶ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ መወሰዱ ይታወቃል። በዚያው ወቅት፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የባንኩ የተበላሸ ብድር ምጣኔ ወደ 40 ከመቶ ተጠግቶ ነበር። መንስኤው ብዙ ነው፤ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ዋስትና ብድርን አይመልስም፤ ብድርን የሚመልሰው ተበዳሪው የሚያገኘው ገቢ ነው። ገቢውን አጥርቶ የሚተነትን ሰው ዋጋው ከዚህ ይታያል።

የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ሰብልና ማሽን ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። በተፍኪ ዙሪያ ግን አዋሽ በክረምት ሞልቶ በሜዳው ላይ ሲተኛ ሰብሉም መያዣውም አብረው ይሰጥማሉ። ስለዚህ ብድርና መድን ተያይዘው መቀረጽ አለባቸው። ይህንን የሚሠራው በአንድ በኩል የፕሮባቢሊቲ ስሌት የሚያውቅ፣ በሌላ በኩል ውኃው በየትኛው ማሳ ላይ እንደሚቆም ከአርሶ አደሩ የሚጠይቅ ሰው ነው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት፣ የመድን ድርጅቶችና የከተማ አስተዳደር የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ለእንዲህ ያለ ባለሙያ የተፈጥሮ ቤቶች ናቸው።

በአገር ደረጃም በሩ እየሰፋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች ፈቅዷል። እነዚህ ለውጦች የኢንቨስትመንት አማካሪ፣ የአክሲዮን ደላላ፣ የአደጋ ሥራ አመራርና የሕግ ተገዢነት ባለሙያ የሚባሉ መደቦችን አምጥተዋል። ይሁን እንጂ መደቦቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ የሚከማቹና በቁጥር ውስን ናቸው። የምሩቃንን ተስፋ በሙሉ በእነርሱ ላይ መጣል የባንክ መስኮቱን በሌላ መስኮት መተካት ብቻ ይሆናል።

ሥልጠናው የጎደለው ምንድን ነው

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ የማለፊያው ነጥብም 50 ከመቶ ነው። ፈተናው ዝቅተኛ የዕውቀት ደረጃን ለማስጠበቅ ጠቅሟል። የምርጫ ጥያቄ ግን ቀመርን መለየትን እንጂ ያልተስተካከለ መረጃን አደራጅቶ ውሳኔ ላይ መድረስን አይለካም። የወተት አርቢው ደረሰኝ የለውም፤ የተነሺው ገቢ በኩንታልና በቃል የሚነገር ነው። ተማሪው በመጽሐፍ የሚያገኘው ንጹሕ የሒሳብ መግለጫ በነዚህ ስፍራዎች የለም።

ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በተፍኪና በሰበታ ምክሩ የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። የቅናሽ ምጣኔን ትርጉም ለአንዲት አርሶ አደር በራሷ ቋንቋ፣ በእቁብ ምሳሌ ማስረዳት ያልቻለ ምሩቅ ትምህርቱን ጨርሷል ማለት ያስቸግራል። አሥራ ሁለት አባላት ባሉት ወርኃዊ እቁብ መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ ያበደረ መሆኑን ሕዝቡ ያውቀዋል፤ ተቸግሮ ቀድሞ ዕጣ ለመውሰድ የሚለምነውም ለዚህ ነው። ጽንሰ ሐሳቡ በባህሉ ውስጥ አለ፤ የቀረው ድልድዩ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ክፍያን የሚመለከት ነው። ባንክ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ይከፍላል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የወተት አርቢ ባለዲግሪ ለመቅጠር አቅም የለውም። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ወጣቱም ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሆኖም አገልግሎቱን እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው መክፈል የለበትም። ብዙ ማኅበራትን ያቀፈ ዩኒየን አንድ ተንታኝ ለሁሉም ሊቀጥር ይችላል። የካሳ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው፤ መሬቱን የሚረከበው አካል ከሚከፍለው ካሳ ጋር የምክሩን ወጪ በፕሮጀክት በጀት ውስጥ ቢይዝ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ሸክሙ ትንሽ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሐሳብ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጽሑፍን በከፊል በአካባቢ ጉዳይ ላይ በተመሠረተ የስሌት ሥራ ቢተኩ፤ ለምሳሌ የአንድ ማኅበር የብድር ሰሌዳ ወይም የአንድ ቀበሌ ተነሺዎች የካሳ አጠቃቀም ዕቅድ። ሁለተኛ፣ የተግባር ልምምድ ከባንክ ቅርንጫፍ ውጪ በዩኒየኖች፣ በመካከለኛ ፋብሪካዎችና በከተማ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች እንዲሰጥ ቢደረግ። ሦስተኛ፣ የካሳ ክፍያ ሲፈጸም ገለልተኛ የፋይናንስ ምክር የሂደቱ አካል እንዲሆን በመመሪያ ቢደነገግ። ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ደግሞ ካሳ የተቀበሉ ቤተሰቦች ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ያሉበትን ሁኔታ መከታተል ሰፊና ጠቃሚ የጥናት መስክ ነው።

የፋይናንስ ምሩቅ ሥራ አጣ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የምሩቁ ጉዳት ነው። በተፍኪ ሜዳ ያለ ምክር ካሳውን የተቀበለው ቤተሰብም ባለሙያ አጥቷል። ሁለቱ ጉዳቶች የአንድ ክፍተት ሁለት ገጾች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም በአንድ ላይ ሊታሰብ ይገባል።