ባላገሩ ማነው?

አዲስ አበባ ላይ መታጠፊያ የሳተ ሹፌር ሁሉ «ባላገር» ይባላል። ከቱም ጭነት ይዞ የሄደ ሰው ይህን ስም ሳይሸከም አይመለስም። ለመሆኑ ባላገሩ ማነው? መንገዱን ያላወቀው ሹፌር ነው ወይስ መንገድ ሠርቶ ወዴት እንደሚወስድ መናገር የረሳው ከተማ?

በአገራችን መንገድ የሚገኘው በአፍ ነው። ከቱም ተነሥቶ በሚዛን፣ በቦንጋና በጅማ የሚያልፍ ሹፌር ግራ ሲገባው ዳር ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ ወዴት ያወጣል?» ይላል፤ ይነገረዋል። አንዳንዱ መላሽ እንዲያውም ተሳፍሮ ያሳያል (በነጻ ለመሄድ ሲል ቢሆንም)። ይህን ኋላ ቀርነት የሚል ካለ ተሳስቷል፤ የሚሠራ ዘዴ ነው።

አየር ጤና ሲደርስ ግን ዘዴው ያከትማል። በ1990ዎቹ የተገነባው የቀለበት መንገድ ቆሞ ለመጠየቅ አይመችም። መሐሉ ተከፍሏል፤ መውጫው ካመለጠ እስከሚቀጥለው ማዞሪያ መንዳት ግድ ነው። ይሁን፤ ፈጣን መንገድ የትም እንዲህ ነው። ሌላው ዓለም ግን ቆሞ መጠየቅን ሲከለክል በመላሹ ፈንታ ሰሌዳ አቁሟል፤ ያውም መታጠፊያው ሳይደርስ። እኛ ጠያቂውን ከለከልን፣ መላሹን አልተካንም።

«የከተማው ሰውስ እንዴት ይነዳል?» ይባል ይሆናል። በትዝታ ነዋ! ሃያ ሁለት እንኳ ስሙን ያገኘው ከአውቶቡስ ቁጥር ነው። አቅጣጫ የሚነገረው በሱቅ፣ በሆቴል፣ በቤተ ክርስቲያን ነው። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ሐዲዱ ብዙ የተለመዱ መሻገሪያዎችን ዘግቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ምልክቶቹም አብረው ፈረሱ። ያን ጊዜ የአራዳ ልጅ ራሱ በተወለደበት ሰፈር ባላገር ሆነ።

ነገሩ በስድብ ቢያበቃ ባልጻፍኩ። ጭነት የያዘ ኢሱዙ በመጨረሻዋ ደቂቃ መሥመር ሲቀይር፣ ወይም ያለፈውን መውጫ ፍለጋ ወደ ኋላ ሲል፣ የሚሞተው እግረኛው ሊሆን ይችላል። መዝገቡ «የአሽከርካሪ ስሕተት» ተብሎ ይዘጋል። ሰሌዳ ያላቆመው ቢሮ በመዝገቡ የለም። ትራፊክ ፖሊስ መሐንዲስ ሲቀጣ አይቼ አላውቅም።

ሕዝቡ በሚጠራው ስም የተጻፈ፣ በማታ የሚነበብ፣ ከመታጠፊያው አስቀድሞ የቆመ ሰሌዳ፦ የሚፈለገው ይኸው ነው። ልመናም አይደለም። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ተብሎ ነው። የቱም ሹፌር ከሚቀዳው ነዳጅ ላይ ድርሻውን ሲከፍል ኖሯል፤ ባላገር ነህ ተብሎ የተቀነሰለት ሳንቲም የለም።